«3000 ቃል ሸምድጄ ስጽፍ አንድም አይመጣልኝም»

ጥያቄ፦

«መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በአካውንቲንግ ተመርቄ ሳሪስ አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ለማስተርስ የውጭ ስኮላርሺፕ ማመልከት ስለምፈልግ ከሦስት ወር በኋላ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እፈተናለሁ። ቮካቡላሪሽ ደካማ ነው ብለውኝ ከቴሌግራም 3000 ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው የያዘ ፒዲኤፍ አወረድኩ። በቀን 50 እያልኩ ሁለት ወር ሸመደድኩ። ባለፈው ሳምንት መቶ ቃል መርጬ ራሴን ስፈትን 15ቱን ብቻ አስታወስኩ። ድርሰት ልጽፍ ስቀመጥ ደግሞ አንድም አይመጣልኝም። ችግሩ ጭንቅላቴ ነው ወይስ አካሄዴ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጭንቅላትሽ ደህና ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ በቀን 50 ቃል ለመያዝ የታገለ ሰው በስንፍናም አይታማም። የተበላሸው አካሄዱ ነው። እሱም ያንቺ ብቻ አይደለም። ለገጣፎ የማታ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያንን ፒዲኤፍ ወይም ወንድሙን ስልኩ ላይ ጭኖ የሚመጣ ተማሪ ያጣሁበት ዓመት ትዝ አይለኝም።

ስለ መርሳቱ ቶሎ ልበልና ልለፍ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን እየሸመደደ፣ ስንቱን እንደረሳ በራሱ ላይ ይለካ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ያየው ነገር ይኸው ነው፦ ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ የተረፈው ግን ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ 85ቱ መጥፋታቸው አይግረምሽ። እኔን የሚገርመኝ 15ቱ እንዴት እንደቀሩ ነው። ልገምት? ወይ ቢሮሽ ውስጥ የሚነሱ ቃላት ናቸው፣ ወይ ፊልም ላይ ሰምተሻቸዋል፣ ወይ አንዱ ሰው ሲናገራቸው ሳቅ ብለሽ ነበር። ሄደሽ እያቸው። ብዙ ጊዜ የማይረሳ ቃል ከዝርዝሩ ውጭም የተዋወቅሽው ነው።

ኮዬ የገባሽበትን ጊዜ አስታውሺ፤ በእጣም ይሁን በኪራይ። ሰው ሁሉ ከየሰፈሩ መጥቶ አንድ ብሎክ ላይ ሰፈረ። የጎረቤትሽን የበር ቁጥር ታውቂያለሽ፤ ሰውየውን ግን አታውቂውም። ያወቅሽው ውሃ ጠፍቶ ጄሪካን ተሸክማችሁ ደረጃ ላይ ስትገናኙ ነው። ከማን ጋር እንደሚውል፣ ከማን ጋር እንደማይስማማ ስታዪ ነው። ፒዲኤፉ የሰጠሽ 3000 የበር ቁጥር ነው።

ዝርዝሩ ደግሞ በፊደል ተራ ነው አይደል? «አቤዝ»፣ «አባሽ»፣ «አቤይት»፣ «አቤያንስ»። «አቤይት» ላይ ስትደርሺ ማን ጠራኝ ሳትዪ አልቀረሽም። መልካቸው የሚመሳሰል ወይም ፍቺያቸው የተቀራረበ ቃላትን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቁጭታ ስትይዢ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። መንታ ልጆችን በአንድ ቀን እንደ መተዋወቅ ነው፤ ማን ማን እንደሆነ ለወር ትደናገሪያለሽ። የፊደል ተራ መዝገብ ለመፈለግ ይመቻል። ለመማር ግን አይሆንም።

ከዚያ ደግሞ ምርጫው አለ። ያ ፒዲኤፍ «ከባድ» የሚለው ሰው የማያውቀውን ቃል ነው። «ሉጉብሪየስ» የሚለውን ሸምድደሻል እንበል። በጣም ያዘነ፣ ፊቱን የጣለ ማለት ነው። አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ብታነቢ አንድ ጊዜ ብታገኚው ነው፤ በፈተናው ድርሰት ውስጥ ደግሞ ቦታ የለውም። ኒውዚላንድ ዌሊንግተን ያለው የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ መምህር አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 የትምህርት ዓለም ጽሑፎችን አበጥራ 570 የቃል ቤተሰቦችን፣ ማለትም አንድን ቃል ከነእርባታው፣ ለየች። «አናላይዝ»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ኮንሲስተንት»፣ «ዲራይቭ»፣ «ሜንቴይን»፣ እንዲህ ያሉ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ውስጥ ከሚመጡት ቃላት ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት ከእነዚህ ቤተሰቦች ናቸው። ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ማስተርስ ልትማሪ ከሆነ እንጀራሽ እዚያ ነው። ግማሾቹን የማውቃቸው ናቸው ትይኛለሽ። እናያለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ።

«ሚቲጌት» የሚለውን ውሰጂ። ፒዲኤፉ ላይ ፍቺው «ማቅለል» ይላል። አንዱ ተማሪዬ ይህን ይዞ ምን ጻፈልኝ መሰለሽ? ቦርሳዬ ስለከበደኝ ሁለት መጽሐፍ አውጥቼ «ሚቲጌት» አደረግኩት። ሰዋስዉ ልክ ነው። ፍቺውም መዝገቡ እንዳለው ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ግን ሲያነበው ይስቃል። «ሚቲጌት» ቦርሳ አጠገብ አይቀመጥም። ጎረቤቶቹ «ሪስክ»፣ «ኢምፓክት»፣ «ዳሜጅ» ናቸው። ክፉ ነገር ይመጣል ወይም መጥቷል፤ ሙሉ በሙሉ አታስቀሪውም፤ ጉዳቱን ግን ታለዝቢዋለሽ። ዜና ላይ ዳኛው የጥፋተኛውን የቀድሞ መልካም ጠባይ «በቅጣት ማቅለያነት» ያዙለት ሲባል ሰምተሻል? ያ ማቅለያ በእንግሊዝኛው ሕግ ይኸው «ሚቲጌት» ነው። አንቺማ «ሪስክ ሚቲጌሽን» ሲባል ኦዲት ክፍል ውስጥ ስንቴ ሰምተሽ ይሆን።

ጎን ለጎን «አሊቪዬት» አለ። ፒዲኤፉ ለእሱም «ማቅለል» ይልሻል፤ ቢበዛ «ማቃለል»። ግን የእሱ ጎረቤቶች «ፔይን» እና «ፖቨርቲ» ናቸው፦ ሕመምና ድህነት። የሚሰማሽን፣ የተሸከምሽውን ጫና ይቀንስልሻል። የድሮ ላቲኑን ብናየው ነገሩ ይገለጣል። «አሊቪዬት» የመጣው «ሌቪስ» ከሚለው ነው፤ ክብደቱ ቀላል ማለት ነው። «ሚቲጌት» ደግሞ «ሚቲስ» ከሚለው፤ ለስላሳ፣ ገር ማለት ነው። ስለዚህ በአማርኛችን አንዱ «ማቅለል»፣ ሌላው «ማለዘብ» ነው። አማርኛ ሁለቱንም አለው፤ የዝርዝሩ አዘጋጅ ነው የሰነፈው። (አንድ ሦስተኛም አለ፤ «ሚሊቴት»። ከ«ሚቲጌት» ጋር እንግሊዞቹ ራሳቸው ያምታቱታል። ሥሩ ወታደር ከሚለው ቃል ነው፤ አንድን ነገር ተቃውሞ መቆም ነው። አሁን ተይው፤ መንታ ይሆንብሻል።)

ጎረቤት የምለው ይህን ነው። ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ አማርኛም ውስጥ ያለ ሕግ ነው። ካፌ ገብተሽ ማኪያቶሽን «ጠቆር ያለ» ትያለሽ። ቡናውን «ወፍራም» ወይም «ቀጭን» ትያለሽ። አንድ ፈረንጅ መጥቶ «ጠንካራ ቡና ስጪኝ» ቢል ይገባሻል፤ ግን ፈረንጅ መሆኑን ቃሉ ይነግርሻል። በእሱ ቋንቋ ቡና «ስትሮንግ» ነው። ፎቶ እኛ «እናነሳለን»፣ እነሱ «ቴክ» ያደርጋሉ። ማንም ምክንያቱን አይነግርሽም። ቃልን ከነጓደኛው መያዝ ነው መድኃኒቱ። ፈተናውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አይኤልትስ ጽሑፍሽን በአራት መስፈርት በእኩል ክብደት ያርማል፤ አንዱ የቃላት ሀብት ነው። 7 ነጥብ ላይ የሚጠበቀው እምብዛም የማይዘወተሩ ቃላትን የአነጋገር ደረጃቸውንና አብረዋቸው የሚሄዱትን እያወቁ መጠቀም ነው። ከባድ ቃል መደርደር ያሸልማል የሚል የለም።

ጠባይም አለ። አንዷ ተማሪዬ ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ ስትጽፍ በትምህርት ቤቴ «ኖቶሪየስ» ተማሪ ነበርኩ አለች። መዝገቧ «ታዋቂ» ይላል። እውነት ነው፣ ታዋቂ ነው፤ በክፉ ሥራው። ሌባ «ኖቶሪየስ» ነው። ደብዳቤው ሳይላክ ስለደረስኩበት ተርፋለች። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ጉዳይ ለመረዳት ማንም አያስፈልገውም። «ብልህ» ብትዪኝ ደስ ይለኛል። «ብልጥ» ብትዪኝ ዓይኔን አጠብባለሁ። ሁለቱንም እንግሊዝኛ መዝገብ ላይ ብትፈልጊ «ክሌቨር» ሊልሽ ይችላል። አንዲትን ቀጭን ልጅ «ሸንቃጣ» ማለትና «ከሲታ» ማለት አንድ ነው? እንግሊዞቹም «ስሊም» እና «ስኪኒ» አላቸው። እያንዳንዱን አዲስ ቃል ስትይዢ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ ይህን ቃል እናቴን ቢሏት ደስ ይለኛል?

በነገራችን ላይ «የማውቃቸው ናቸው» የምትያቸው ቃላት የበለጠ አደገኞች ናቸው። «አፕሪሺዬት» ምን ማለት ነው ብልሽ ማድነቅ፣ ማመስገን ትይኛለሽ። ታዲያ ገንዘብ «አፕሪሺዬት» አደረገ ሲባልስ? ማንን አመሰገነ? ዋጋው ወጣ ማለት ነው። ተቃራኒውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፦ «ዲፕሪሲዬሽን»፣ በየዓመቱ ከንብረት ዋጋ ላይ የምትቀንሽው። ሁለቱም ውስጥ ያለው የላቲን ቃል ዋጋ ማለት ነው። እኛስ ሰውን ስናደንቅ «ዋጋ ሰጠሁት» አይደል የምንለው? አንዴ ይህን ካየሽ «አፕሪሺዬት» ዕድሜ ልክሽን አይጠፋብሽም። «ሙድ ያዘብኝ» ብለሽ ያደግሽበትን «ሙድ»ም እንዲሁ ፈትሺው። እንግሊዞቹ ጋ መቀለድ የሚባል ነገር በአጠገቡ አያልፍም።

ሥር መፈለግ ይጠቅማል ያልኩ መሰለኝ። ይጠቅማል። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ለዚህ ተወልዷል። ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስባሪ፣ መስበሪያ፤ ሦስት ፊደል ይዘሽ ቤተሰቡን ሁሉ ታውቂያለሽ። እንግሊዝኛም ከላቲን የወረሰው እንዲህ ያለ ነገር አለው። «ስፔክት» ማየት ነው። «ኢንስፔክት» ወደ ውስጥ ማየት፣ «ፕሮስፔክት» ወደ ፊት ማየት፣ «ስፔክቴተር» ተመልካቹ። ግን ሥርን እንደ መመሪያ ያዢው እንጂ እንደ ዳኛ አትቁጠሪው። «ኢን» አፍራሽ ነው ብለሽ ከያዝሽ፣ ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ የነዳጅ ቦቴ ጀርባ «ኢንፍላመብል» ተጽፎ ስታዪ አይቀጣጠልም ብለሽ ልታልፊ ነው። ይቀጣጠላል እንጂ! እዚያ ቃል ውስጥ ያለው «ኢን» አፍራሹ አይደለም። «ኢንቫሉወብል»ም ዋጋ ቢስ ሳይሆን ዋጋው የማይተመን ነው። «ፕረስክራይብ» እና «ፕሮስክራይብ» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ አንዱ ሐኪም የሚያዝዘው፣ ሌላው ሕግ የሚከለክለው ነው።

ላቲኑ እንዴት ገባ ካልሽ ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው ዊሊያም ከፈረንሳይ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ያዘ። ቤተ መንግሥቱና ችሎቱ ለረጅም ዘመን በፈረንሳይኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ምሁሩ በላቲን፣ ገበሬው በእንግሊዝኛ ሆነ። ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ቃል ቀረ። «አስክ» የገበሬው፣ «ኩዌስችን» የፈረንሳዩ፣ «ኢንተሮጌት» የላቲኑ። ሦስተኛውን የሚጠቀመው ፖሊስ ነው። ጓደኛሽን «ኢንተሮጌት» አታደርጊም። ለቅሶ ቤት ሄደሽ «አባትሽ መቼ ሞቱ?» አትዪም፤ «መቼ አረፉ?» ነው የምትዪው። ያው ነው።

ይህን በራሴ ነው የተማርኩት። ኮሌጅ ሳለሁ ከመዝገበ ቃላት ከኤ እስከ ሲ ያሉትን በቃሌ ይዤ ነበር። አንድ የውጭ ዜጋ መምህራችን ምሳ ሲጋብዘን ምግቡ ቀረበና «ኮመንስ» እናድርግ አልኩት። ሳቀ፤ ግን በደግነት ነበር። ለምን እንደሳቀ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ለእሱ ጆሮ «ምሳውን በይፋ እንክፈት» እንደማለት ነበር።

እሺ፣ ምን ላድርግ ትያለሽ።

ከኮዬ ሳሪስ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ሰልፉም ጊዜ ነው። ለቃል የምመድብልሽ እሱን ነው፤ የማታውን ሰዓት ለመጻፍ አትርፊው። በቀን 5 ቃል ብቻ ያዢ። አዎ፣ አምስት። በሦስት ወር 450 ይሆናሉ፤ ግማሹን የእውነት ብታውቂያቸው ከ3000ው የበር ቁጥር ይበልጡብኛል። ቃሎቹን ከዝርዝር ብቻ አትልቀሚ። ካነበብሽው ውስጥ አውጪና 570ዎቹ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን እዪ።

ምን ላንብብ ላልሽው፣ አንቺ የሒሳብ ባለሙያ ነሽ። አዲስ አበባ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚታተም የንግድ ጋዜጣ አለልሽ፣ አዲስ ፎርቹን። እንግሊዝኛው ይከብዳል፤ ለዚህ ነው የምወደው። ዘዴው ግን ወሬውን አስቀድመሽ በአማርኛ የምታውቂውን መምረጥ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን የተደረገ ጊዜ፣ ማን ያልተናገረ አለ? የዚያን ሰሞን ጽሑፎች አንቢ። ነገሩን ስለምታውቂው የማታውቂው ቃል ራሱ ፍቺውን ይነግርሻል። በአንድ ርዕስ ላይ አምስት ጽሑፍ ስታነቢ ያው ቃል አምስቴ ይመጣል፤ በየጊዜው ከሌላ ጓደኛ ጋር። በአምስት የተለያየ ርዕስ ላይ ብታነቢ ግን ምናልባት አንዴ ብቻ ታገኚዋለሽ። ደግሞ ገጹ ላይ የማታውቂው ቃል ከበዛ ተይው። ፖል ኔሽን የሚባለው የቃላት ትምህርት ተመራማሪ እንደሚለው ያለ ረዳት ለማንበብ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ለጋዜጣና ለልቦለድ ያ ከ8000 እስከ 9000 የቃል ቤተሰብ ነው። አትደንግጪ፤ በሦስት ወር የሚሠራ ሥራ ስላልሆነ ነው ቁጥሩን የነገርኩሽ።

ካርድ ሥሪ። የደብተር ሽፋን ቆርጠሽ ይበቃል። ፊቱ ላይ ቃሉን ከነአማርኛው አትጻፊ፤ ያ ፒዲኤፉን መልሶ መሥራት ነው። ከራስሽ ሕይወት አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፊና የቃሉን ቦታ ባዶ ተዪው። ለምሳሌ በእንግሊዝኛ፦ ድርጅታችን ኢንሹራንስ የገባው የእሳት አደጋን ኪሳራ «____» ለማድረግ ነው። ጀርባው ላይ «ሚቲጌት»፣ ከሥሩ ሁለት ጎረቤቶቹን። አማርኛውን ከፈለግሽ በትንሹ ጥግ ላይ።

ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ አታንብቢያቸው፤ ተፈተኚባቸው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንዱ ቡድን አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንብቦ ሳያይ ለማስታወስ ሞከረ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያስታወሱት ናቸው የበለጡት። ፒዲኤፉን ስታነቢ «ይዤዋለሁ» የሚል ስሜት የሚሰጥሽ ያ የአምስት ደቂቃው ድል ነው። የቆሎ ተማሪ ይህን ሳይንስ ሳይነግረው ያውቀዋል። የቃል ትምህርቱን ሌሊት በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳይዝ ነው የሚቀጽለው።

ያስታወስሽውን ካርድ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት፣ ከዚያ ከሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ከወር በኋላ መልሰሽ አውጪው። የረሳሽው ወደ መጀመሪያው ይመለስ። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚህ ክፍልፋይ ያለው ሳጥን አሳየ፤ የጫማ ካርቶን ይሠራል። አውቶቡሱ ተጨናንቆ ካርድ ማውጣት ካልተቻለ ስልክሽ ላይ አንኪ የሚባለውን አፕ ጫኚ፣ ቀኑን እሱ ይቆጥርልሻል። ለአንድሮይድ ነጻ ነው። ስልክሽን ግን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ።

ድምፁን ከመዝገበ ቃላት አፕ አዳምጪ፤ እዚህ ላይ ብዙ አልልም። «ዴብት» ብለሽ ዕዳን የምትጠሪ ከሆነ ግን «ዴት» ነው፤ ቢዋ ለዓይን ብቻ ናት። ከሒሳብ ባለሙያ አፍ ሲወጣ ይከነክነኛል።

በየሳምንቱ መጨረሻ ከተያዙት ቃላት አምስቱን የያዘ አንድ አንቀጽ ጻፊ። ሰባት ለማስገባት አትሞክሪ፤ ቃል ለማስገባት ሲባል የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ከሩቅ ይታወቃል።

ዛሬ ማታ መጀመሪያ የምታደርጊው ይህ ነው። ያስታወስሻቸውን 15 ቃላት አውጪ። እነሱ ዘመዶችሽ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ጎረቤት ፈልጊና በአምስቱ አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ላኪልኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ እጠብቃለሁ። ቦርሳ «ሚቲጌት» ያደረግሽ እንደሆነ ግን እኔና አንቺ እንጣላለን።